ክቡር አባሪ ፈቃድ ሲያወጡልን

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ አንድ ሰው አለ። ስሙ ይለያይ እንጂ ሰውየው አንድ ነው። ፕላስቲክ ፎልደር በብብቱ ሸጉጦ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ በደረት ኪሱ ሰክቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ወደ እናንተ ዘንበል ይልና «ይሄ ወረቀት ብቻውን አይበቃም» ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ወረቀት የማይጠየቅበት አገር ነው የምትኖሩት፣ ወይ ደግሞ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛው ጎረቤታችን ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። ሰፈሩ «ክቡር አባሪ» ይላቸዋል፤ ከኋላቸው ነው እርግጥ፣ ፊት ለፊት ሲሆን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስሙ የወጣላቸው በአንዲት ጥያቄያቸው ምክንያት ነው። ደብዳቤ አሳዩአቸው፣ ደረሰኝ አሳዩአቸው፣ የሐኪም ማዘዣ አሳዩአቸው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ከላይ እስከ ታች ያነቡና «መልካም፤ አባሪው የታለ?» ይላሉ። አባሪ ማለት ለሌላው ሰው ከደብዳቤ ኋላ የሚያያዝ ወረቀት ነው። ለእሳቸው ግን ደብዳቤው ራሱ የአባሪው ሽፋን ነው።

ስቴፕለር ቤታቸው አይገባም። «ይዝጋል፣ ይበሳል፣ ሲነቀል ይቀድዳል» ይላሉ፣ ስለ አንድ ክፉ ዘመድ እንደሚያወሩ ሁሉ። ወረቀት በክሊፕ ነው የሚያያዘው። ፎቶ ኮፒ ሦስት ነው፤ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ ለባለጉዳዩ፣ አንዱ ደግሞ መሥሪያ ቤቱም ባለጉዳዩም ሲጥሉት ለእሳቸው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት እኛ ሁላችን እናውቀዋለን፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ይኖሩበታል።

ባለፈው ዓመት የውሃ ቧንቧችን ፈነዳ። ውሃው ከወጥ ቤት ተነስቶ ሳሎን ገብቶ ምንጣፉን ሲያነሳው ቧንቧ ሠራተኛው እየሮጠ መጣ። ክቡርነታቸው በር ላይ አስቆሙት።

«የሙያ ብቃት ማረጋገጫህን ይዘሃል?»

ሰውየው መፍቻውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«እሱ መሣሪያ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ማረጋገጫ ነው።»

እኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ «ጋሼ፣ ይለፍ» እላለሁ፤ እሳቸው «ነገ ቤትህ ቢፈርስ ማንን ትጠይቃለህ?» ይሉኛል። ነገ ምን አመጣው? ዛሬ እየፈረሰ ነው እኮ። በመጨረሻ ሰውየው ከስልኩ ላይ የምስክር ወረቀቱን ፎቶ ፈልጎ አሳያቸው፤ «ይሄ ኮፒ ነው፤ ዋናውን ነገ ታመጣለህ» ብለው አሳለፉት። የምንጣፉን ነገር አታንሱብኝ።

ሌላ ቀን መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ አገኘኋቸው። የእሳቸው መታወቂያ ጊዜው የሚያልቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«ምን ምን እንደሚጠይቁ ላጣራ ብዬ ነው» አሉ። ሰው እንዴት በገዛ እጁ፣ ሳይቸግረው፣ ሰልፍ ይገባል? እስካሁን አልገባኝም።

ባለቤቴ ግን ትወዳቸዋለች። እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌሎቹ የስንብት ደብዳቤ ይዘው ወጡ፤ እሷ አንድ ያረጀ የስፌት መኪና ገዝታ ወጣች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት፣ ለልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ትሰፋለች። ወፍራም ሸራ፣ ድርብ ስፌት፣ በጎኑ የውሃ መያዣ ኪስ ያለው። የምትሸጠው ስልኳ ላይ ባለ አንድ የኦንላይን ገበያ ነው፤ ፎቶ ታነሳለች፣ ትለጥፋለች፣ የፈለገ ያዛል፣ መልእክተኛ መጥቶ ይወስዳል። እስካሁን አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ገዝቶ አስተያየት ጽፎላታል። አንዲት እናት «ልጄ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይንሸራተትበታል፤ እስካሁን አልተቀደደም» ያለችውን ቢያንስ አምስት ጊዜ አንብባልኛለች። የእኔ ደሞዝ የወሩን አጋማሽ አይቶ አያውቅም፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሚቆመው በዚያ ሱቅ ነው።

አንድ ጠዋት ስልኳ ላይ መልእክት መጣ። «ውድ ሻጭ» ብሎ ይጀምራል። ውድ ካሏችሁ ጠርጥሩ። በሠላሳ ቀን ውስጥ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የሥራ ቦታ አድራሻ ማረጋገጫ ካላስገባች ሱቋ ይዘጋል፣ የአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰው ቃልም አብሮ ይጠፋል ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእያንዳንዷ ቦርሳ ድርሻውን ሲቆርጥ «ማን ናት ይህቺ ሴት?» ብሎ ያልጠየቀ ገበያ፣ ዛሬ በድንገት ማንነቷ እንቅልፍ ነሳው። ላናግራቸው ብዬ ደወልኩ። አንድን ይጫኑ አለኝ፤ ተጫንኩ። ሁለትን ይጫኑ አለኝ፤ ተጫንኩ። ዘጠኝ ላይ ስንደርስ ስለደወሉልን እናመሰግናለን ብሎ ዘጋው። የሰው ዘር የለበትም።

ቢሆንም አልደነገጥኩም። «ፈቃድ ምን አላት? ለአንድ ቀን ሥራ ነው» አልኩ። ከተናገርኳቸው ሞኝ ንግግሮች ሁሉ ይህ የመጀመሪያውን ረድፍ ይይዛል። ባለቤቴ ግን እኔ አፌን ሳልከፍት ለጎረቤት ነግራ ነበርና፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክቡርነታቸው ፎልደራቸውን ይዘው ሳሎን ገቡ። የፊታቸውን ብርሃን ያየ ሎተሪ የወጣላቸው ይመስለው ነበር።

«ቤቱ በማን ስም ነው?» አሉኝ፣ ሳይቀመጡ።

«በአባቴ።»

«አባትህ የት ናቸው?»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ጋሼ፣ አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ እኮ ነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ተሸክሜያለሁ» አሉ ራሳቸውን በሐዘን እየነቀነቁ። «መሸከሜ ግን ማስረጃ አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈቃድ የሥራ ቦታ ይፈልጋል። የሥራ ቦታው ከቤታችን አንዷ ክፍል ናት። ቤቱ የሟች ነው። ሟች ደግሞ ክፍል አያከራይም። ስለዚህ መጀመሪያ የአባቴ መሞት ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ የእሱ ልጅ መሆኔ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በኋላ እኔ ክፍሏን ለባለቤቴ አከራያታለሁ።

«ለገዛ ሚስቴ?»

«በውል።»

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል።»

«ልጄ፣ ፍቅር አድራሻ አይሆንም» አሉኝ።

የሞት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ክፍል የአባቴን መታወቂያ መልስ አለኝ። ከየት ላምጣ? ሦስት ቀን ቤቱን ገለበጥነው። ክቡር አባሪ «የደረት ኪስ፤ ሰው መታወቂያውን ልቡ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው» አሉ። ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለውን ጃኬቱን አወጣሁ፤ እስከዛሬ ለሰው መስጠት አቅቶኝ ያስቀመጥኩትን። እዚያው ነበር። ፎቶው ላይ ኮስተር ብሎ ያየኛል። መስኮቱ ላይ ላለችው ሴት ሳስረክባት እንባዬ መጣ፤ እሷ አንዱን ጥጉን በመቀስ ቆርጣ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ይህንን ይቅር የምላት አይመስለኝም።

ከዚያ ወራሽነት። ከዚያ ምዝገባ። ኔትወርክ የለም፣ ነገ ተመለሱ። ነገ ተመለስን፤ ኔትወርክ አለ፣ ኃላፊው የለም። ከነገ ወዲያ ኃላፊው አለ፣ ኔትወርክ የለም። ሁለቱ የተጣሉ ይመስለኛል፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አይቀመጡም። እግራችን እስኪቀጥን ተመላለስን። ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃዴን ሰባት ቀን ጨረስኩ። ባለቤቴ ትእዛዝ ተቆልሎባት፣ የትምህርት ቤት መክፈቻ እየቀረበ፣ ኮሪደር ላይ ቆማ የቦርሳ ማንገቻ በእጇ ትሰፋለች።

የኪራይ ውሉን የተፈራረምነው ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነው። አርቃቂው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። አንቀጽ አራት «አከራይ ያለ ተከራይ ፈቃድ ወደ ክፍሉ አይገባም» ይላል። ባለቤቴ ስትስቅ ውሉ ላይ እንባዋ ሊንጠባጠብ ደርሶ ክቡርነታቸው ወረቀቱን ጎተቱባት። በማግስቱ ነጠላ ጫማዬን ፍለጋ ክፍሏን ብከፍት «በአንቀጽ አራት መሠረት አንኳኳ» አለችኝ። በገዛ ቤቴ። በገዛ ጫማዬ።

የሚያናድደው ግን ይህ አይደለም። የሚያናድደው ሰውየው ከማን ጋር እንደሚቆሙ ነው። ንግድ ቢሮ ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ የባለቤቴን ፎቶ አይታ መለሰችው። ጆሮዋ አይታይም።

«ቦርሳ የምትሰፋው በጆሮዋ ነው እንዴ?» አልኳት። ደሜ ፈልቷል።

ክቡር አባሪ እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ። «ተረጋጋ ልጄ። ጆሮ ትክክለኛ ጥያቄ ነው» አሉ፤ ወደ ሠራተኛዋ ዞረው ደግሞ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው» አሏት። ጠበቃዬ ይሆናሉ ብዬ ይዣቸው ብሄድ ዐቃቤ ሕግ ሆነው አረፉት። ከቢሮው ደጃፍ ደግሞ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ተጠግቶን «ሙሉውን ፈቃድ በሁለት ቀን፤ የእናንተ መምጣትም አያስፈልግም» ሲል እኔ ልቤ ክፉኛ ተመኝቶ ነበር። ክቡርነታቸው ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አይተው «ከሌለ ወረቀት የውሸት ወረቀት ይብሳል» ብለው አባረሩት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሃያ ስድስተኛው ቀን ላይ ሁሉም ተሟላ። ሞቱ ሞት ሆነ፣ ልጁ ልጅ ሆነ፣ ጆሮው ታየ። ሦስተኛው መስኮት ያለችው ሠራተኛ አንድ በአንድ ገለጠች፤ ክሊፑን አይታ እንኳ ፈገግ አለች። ከዚያ ከመሳቢያዋ አንዲት ነጠላ ቅጽ አውጥታ ገፋችልኝ።

«ሥራው መኖሪያ ቤት ውስጥ ስለሆነ አዋሳኝ ጎረቤት ይፈርምበት። ይሄ ሲመጣ አልቋል።»

ቅጿ ላይ ያለችው ጥያቄ አንዲት ናት። የሥራው ድምፅ ወይም እንቅስቃሴ ይረብሽዎታል? አዎ፤ የለም። ምልክት ያድርጉ፣ ይፈርሙ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቤታችን በአንድ በኩል መንገድ ነው፤ በሌላው በኩል የሚዋሰነን አንድ ቤት ብቻ ነው። ባለቤቱም ፎልደር ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። «ጋሼ፣ እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። በሉ ይፈርሙ» ብዬ መጻፊያ ይሆናቸው ዘንድ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። እስክሪብቶው አልመጣም። ቀና ስል መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው እያነበቡ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰው ይህን ያህል ጊዜ ያነባል?

«አልችልም» አሉ።

«ምኑን?»

«ይረብሽዎታል ወይ ይላል። ይረብሸኛል።»

ባለቤቴ የቦርሳ ማንገቻውን ከእጇ ጣለችው። እሷ ሥራ የምትጀምረው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ልጆቻችን ሳይነሱ። መኪናው የተጠጋው መሐል ግድግዳው ላይ ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ልክ መኪናው ባለበት፣ የክቡር አባሪ አልጋ ራስጌ አለ። ይህን ያን ዕለት ነው የሰማነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጠዋት ተነስተው ሥራ የገቡ ሰው፣ ጡረታ ወጥቼ እተኛለሁ ሲሉ፣ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የስፌት መኪና ጆሯቸው ውስጥ ሲንገጫገጭ ሁለት ዓመት።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?» አለች ባለቤቴ።

«ማን ጠየቀኝ የኔ ልጅ?» አሉ። «ቅጹ ዛሬ ነው የጠየቀኝ።»

መኪናውን ሌላ ክፍል አዛውራለሁ አለች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ክፍሏ ውሉ ላይ ተጠቅሳለች፣ ምዝገባው ላይ ተጠቅሳለች፣ ክፍል ከተቀየረ ከአባቴ ሞት ነው የምንጀምረው። እንግዲያው አንድ ሰዓት ላይ እጀምራለሁ አለች። «ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ያን ሁሉ ትእዛዝ በምን ልታደርሺ ነው? የማይፈጸም ቃል ቅጽ ላይ አይሰፍርም» አሉ።

እኔ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ፈነዳሁ። በዚህ ሁሉ ቀን ያጠራቀምኩት አንድ ላይ ወጣ። የልጆቼን ጉሮሮ በአንዲት ምልክት ሊዘጉ ነው አልኳቸው። ወረቀት ልብ የለውም፣ እርስዎም ከእሱ ጋር ኖረው ኖረው እንደሱ ሆኑ አልኳቸው። ሌላም ብያለሁ፤ አልደግመውም። ሰው ሁሉ ከየሰልፉ ዞሮ ያየን ነበር። እሳቸው ግን ቅጹን ለሁለት ሳያጥፉ ፎልደራቸው ውስጥ አስገቡና «አራት ቀን አለ» ብለው ወደ ደረጃው ሄዱ። ስንመለስም አብረን አልሄድንም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከወዲያኛው ቤት የዕቃ መጎተት ድምፅ ይሰማል። ብረት ይንቋቋል፣ ወንበር ይወድቃል፣ መሳቢያ ይከፈታል። «ጭራሽ ይበቀለን ጀመር» አልኳት ለባለቤቴ። በማግስቱ ሥራ አልጀመረችም፤ ፔዳሉን ሳትነካ መኪናው ፊት ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ተንኳኳ። ሄደን በሩን ብንመታ አይከፍቱም፤ ከውስጥ ሆነው «ሥሪ፤ ስትሠሪ ነው የሚታወቀው» ይላሉ። ምን እንደሚታወቅ አልገባንም። ሠራች። በሚቀጥለውም ቀን ሠራች።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ክቡር አባሪ ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ። ቅጹን ለባለቤቴ ሰጧት። «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አለ። ፊርማ አለ፣ ቀን አለ። ከሥሩ ደግሞ በዚያ በተስተካከለ የመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦

«ማብራሪያ። ፈራሚው ከትናንት በስቲያ ጀምሮ መኝታቸውን ወደ ወጥ ቤት አዛውረዋል። ሁለት ቀን በተከታታይ ከአሥራ አንድ ሰዓት አንስቶ በጥሞና አዳምጠዋል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ አይሰማም። አባሪ፦ የቤቱ ንድፍ፣ አንድ ገጽ።»

ንድፉ በማስመሪያ የተሠራ ነው። በር፣ መስኮት፣ ግድግዳ። ምድጃውና የዕቃ ማጠቢያው መሐል አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፤ «አልጋ» የሚል ተጽፎባታል።

እኔ አላመንኩም። ሰው ምን ቢል እዚህ ድረስ አይሄድም ብዬ እየተንደረደርኩ ቤታቸው ገባሁ። አልጋው እዚያው ነበር። ራስጌው ምድጃው ሥር ነው፤ ግርጌው ከማጠቢያው ቱቦ ጋር ይጋጫል። ውሃ ለመቅዳት አልጋው ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ትራሱ አጠገብ የሽንኩርት ቅርጫት አለ። የመኝታ ክፍላቸው፣ ያ ትልቁ፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል፣ ባዶውን ቀርቷል።

«ሁለት ቀን የፈተንኩት አንዱ ቀን አጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብዬ ነው» አሉኝ ከኋላዬ።

«ጋሼ» አልኩ። «ዝም ብለው ‹የለም› ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ» አሉ።

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ከንዴቴ ወጥቼ ይቅርታዬ ጋ ስደርስ እሳቸው ፎልደሩን ይዘው መንገድ ጀምረዋል። ፈቃዱ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ወጣ። ባለቤቴ ፎቶ አንስታ ገበያው ላይ ጫነችው፤ «ውድ ሻጭ፣ ማንነትዎ ተረጋግጧል» የሚል መጣ። ሱቁ ተረፈ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ተረፉ። የመጀመሪያውን ቦርሳ ሰፍታ ስታበቃ መኪናው ላይ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ለፈቃዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በሳምንቱ ከመኪናው እግሮች ሥር ወፍራም ጎማ አደረግን። ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ አለበስነው። እኔ ራሴ በአሥራ አንድ ሰዓት ባዶው ክፍላቸው ውስጥ ቆሜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ወፍ የለም። «ጋሼ፣ በቃ ወደ ክፍልዎ ይመለሱ» አለቻቸው ባለቤቴ።

«እንዴት ብዬ?» አሉ። «የምተኛው ወጥ ቤት ነው ብዬ ፈርሜያለሁ እኮ። ዛሬ ብመለስ እዚያ መዝገብ ውስጥ የተቀመጠው ወረቀት ውሸት ሊሆን ነው። መጀመሪያ ለውጡ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ቢሮው ተቀብሎ ማህተም ማድረግ አለበት።»

«እንግዲያው ያስገቡ።»

«ወገቤን ያዘኝ፤ ደረጃው አያስወጣኝም። ሲሻለኝ አስገባለሁ» አሉ። ወገባቸውን የያዛቸው ያ አልጋ ነው። አልጋው ካልተመለሰ ወገቡ አይሻለውም፤ ወገቡ ካልተሻለው ደብዳቤው አይገባም፤ ደብዳቤው ካልገባ አልጋው አይመለስም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነው ወጥ ቤት ተኙ። ይሄ ሰውዬ ያሳብደኛል። በየቀኑ ያሳብደኛል። እሳቸውን የመሰለ ግን በሰፈሩ አላውቅም፤ በሰፈሩ ብቻ አይደለም፣ ከዚያም ወዲያ።

ባለፈው ማክሰኞ ለአለቃዬ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ጉዳዩ፦ የመኝታ ቦታ ለውጥ ስለማሳወቅ። ሦስት ኮፒ አደረግኩ። በክሊፕ አያያዝኩት። አዲስ ንድፍ ሠርቼ አልጋውን ወደ ፀሐዩ ክፍል መለስኩት። ከዚያ ያን የማልመለስበት ያልኩትን ደረጃ ወጥቼ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰልፌ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ደረስኩ። ሠራተኛዋ አንብባ ጨረሰች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ እንደገና አነበበች።

«ይሄን ማን ጠየቃችሁ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ማንም ካልጠየቃችሁ ማህተሙ ምን ያደርግላችኋል?»

«እህቴ» አልኳት፣ «አንድ ሽማግሌ ምድጃ ሥር ተኝተዋል። ይሄ ካልተመታበት አይነሱም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፤ አንዱ «ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ?» ሲል ሰማሁት። ሠራተኛዋ ማህተሙን አነሳችና ሦስቱንም ኮፒ መታችልኝ። እኔም ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያልኩበት ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።